የፊፍዝ ዊል ተሳቢ ሻንሲ ተሰንጥቋል፤ ላሜራ ደርቦ መበየድ ይበቃል?

ጥያቄ፦ አዲስ ተጓዥ

ጤና ይስጥልኝ። በፒክአፕ መኪና የጭነት ሳጥን ላይ በኪንግ ፒን (ከተሳቢው ፊት ወደ ታች በወጣ ወፍራም የብረት ዘንግ) የሚገጠም፣ ባለ ሁለት አክሰል ያገለገለ ፊፍዝ ዊል የመኖሪያ ተሳቢ ከገዛሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። መጀመሪያ ያስጠረጠረኝ ከፊት ከፍ ብሎ ያለው የመኝታ ክፍል በር ነው። ተሳቢው ከመኪናው ጋር እንደተያያዘ በሩን ልዝጋ ስል መቀርቀሪያው ከቀዳዳው ጋር አይገናኝም፤ ተላቆ በራሱ እግሮች ላይ ሲቆም ግን ያለ ምንም ችግር ይዘጋል። የማጠፊያ ጉዳይ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አስተካከልኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሶ እዚያው ሆነ። በኋላ ውጭውን ዞሬ ስመለከት፣ ከፍ ያለው የፊት ክፍል ከዋናው ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ ፋይበር ግላሱ አበጥ ብሎ፣ የጠርዙን መሸፈኛ ከያዙት ብሎኖች ሦስቱ ከቦታቸው ወጣ ብለው አገኘኋቸው።

ነገሩ ስላሳሰበኝ ከሥር ገብቼ የሆድ መሸፈኛውን ፕላስቲክ በግራ በኩል ገለጥኩት። በኋለኛው የባሌስትራ (አክሰሉን የሚሸከመው የብረት ስፕሪንግ) መያዣ አጠገብ፣ በዋናው የሻንሲ ብረት ቀለም ላይ ቀጭን የዝገት መስመር ወርዷል። በብረት ብሩሽ ስፈገፍገው መስመሩ ስንጥቅ ሆነ። ከመያዣው ብየዳ ጠርዝ ተነሥቶ የታችኛውን ክንፍ (የሻንሲውን ብረት አግድም ጠርዝ) ካለፈ በኋላ፣ በቁሙ ብረት ላይ ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። አንድ በያጅ አይቶት «ላሜራ ደርበን እንበይደዋለን፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው» ብሎኛል። እኔ ግን የበሩና የስንጥቁ ነገር አንድ ጉዳይ ይሁን ሁለት እንኳ አላወቅኩም። ወደ ጋራዥ እየጎተትኩ ልወስደው እችላለሁ? ላሜራ መደረብስ በቂ ነው? በዚህ ነገር ያለፋችሁ ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ አሮጌ በያጅ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ተሳቢውን ካለበት አያንቀሳቅሱት። በቁሙ ብረት ላይ ብቻ ያለ ስንጥቅ ቢሆን ባዶውን በቀስታ ስለ መውሰድ ልንነጋገር እንችል ነበር፤ እርስዎ እንደጻፉት ከሆነ ግን የታችኛው ክንፍ ተቆርጧል። በአይ ቢም (እንደ I ፊደል ቅርጽ ባለው የሻንሲ ብረት) ውስጥ መታጠፍን የሚቋቋሙት በዋናነት ክንፎቹ ናቸው፤ ቁሙ ብረት ሁለቱን ክንፎች አራርቆ ይይዛቸዋል እንጂ የክንፍን ሥራ አይተካም። የቀረው ብረት ምን ያህል መንገድ እንደሚችል ማንም በዓይኑ ገምቶ ሊነግርዎ አይችልም። የብየዳ ማሽኑን ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ይጥሩ፤ የግድ መሄድ ካለበት ደግሞ በዝቅተኛ መጫኛ ላይ ተጭኖ ይሂድ።

አሁን ወደ ላሜራው ልምጣ። ስንጥቅ ላይ ላሜራ ደርቦ ዙሪያውን መበየድ ከሁሉም ቀላሉ፣ ከሁሉም በላይም የሚያሳስት ጥገና ነው። ስንጥቁ ከላሜራው ሥር እንዳለ ይቀራል፤ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ማደጉንም ይቀጥላል፤ እርስዎ ግን ከእንግዲህ አያዩትም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ላሜራው አራት ማዕዘን ሆኖ ጫፉ በታችኛው ክንፍ ላይ በአግድም ሲበየድ ነው። የተደረበው ቦታ ጠንካራ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ሳስቶ ስለሚቀር፣ የመታጠፉ ጫና ሁሉ በዚያች የብየዳ መስመር ላይ ይሰበሰባል። እኔ ራሴ በወጣትነቴ እንዲህ አድርጌ የሰጠሁት ሻንሲ ከዓመት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ፣ አዲሱ ስንጥቅ ከላሜራዬ ጫፍ ጋር በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ብሎ ነበር።

ትክክለኛው ሥራ የሚጀምረው ክብደቱን ከብረቱ ላይ በማንሣት ነው። ተሳቢው በክሪክ ይነሣና ከስንጥቁ በፊትና በኋላ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ያርፋል፤ ክሪኩ በአክሰሉ ቱቦ ሥር ሳይሆን በዋናው ሻንሲ ሥር ይገባል፤ በክሪክ ብቻ በቆመ ተሳቢ ሥር ደግሞ ማንም አይገባም። ከዚያ ቀለሙ ተፍቆ፣ ብረቱ ከቅባት ጸድቶ፣ ቀዩ የስንጥቅ መፈተሻ ቀለም ይረጭበታል። አሥር ወይም ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ላዩ ይጠረግና ነጩ ዱቄት ሲነፋበት፣ በስንጥቁ ውስጥ የቀረው ቀለም ወደ ነጩ ሰርጎ ቀይ መስመር ያወጣል። ዓይን ስድስት ሴንቲ ሜትር ያለው ስንጥቅ በዚህ ፈተና ስምንት ወይም ዘጠኝ ሆኖ ቢገኝ አይደንግጡ፤ እውነተኛው ጫፍ ሁልጊዜ ከሚታየው ያልፋል። ያ እውነተኛ ጫፍ በትራፓኖ ይበሳል፤ ሹል የነበረው ጫፍ ክብ ቀዳዳ ሲሆን ጫናው ስለሚበተን ስንጥቁ በብየዳው ሙቀት ወደ ፊት አይሮጥም። ቀጥሎ ስንጥቁ በሙሉ ርዝመቱ እንደ ሸለቆ ተፈልፍሎ ብየዳው እስከ ጀርባው ዘልቆ እንዲሞላ ይደረጋል፤ በክንፉ ላይ ያለው ደግሞ ከብረቱ ጋር እኩል እስኪሆን ይሞረዳል።

ማጠንከሪያ ላሜራ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በቁሙ ብረት ላይ ያርፋል፣ ውፍረቱ ከሻንሲው ብረት አይበልጥም፣ ከስንጥቁ በሁለቱም በኩል ቢያንስ የሻንሲውን ቁመት ያህል ይሻገራል። ጫፎቹ እንደ ጦር ጫፍ እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ ጥንካሬው በአንድ መስመር ላይ ሳይሆን ቀስ በቀስ እንዲለወጥ ማለት ነው። ክንፉን በአግድም የሚያቋርጥ ብየዳ ጨርሶ አይኑር።

ከሥራው በፊት የጋዝ ሲሊንደሮቹ ተዘግተውና ተፈትተው ከአካባቢው ይራቁ፤ ባትሪው ይለያይ፤ የሶላር መቆጣጠሪያውና የእግሮቹ ኤሌክትሮኒክስ ይነቀሉ። የማሽኑ ማሳ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ ገመድ መቆንጠጫ) ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ፤ ራቅ ብሎ ከተያዘ ኤሌክትሪኩ በጎማ ኩሽኔታዎች በኩል አልፎ ሊያበላሻቸው ይችላል። ከወለሉ ሥር ያለው ፎም እሳት ወዳድ ስለሆነ፣ ብየዳው ካለቀ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ውኃ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀኙንም ጎን ይግለጡት። ባለ ሁለት አክሰል ተሳቢ በጠባብ ቦታ ሲዞር ጎማዎቹ ወደ ጎን ይፋቃሉ፤ ያ ኃይል የባሌስትራ መያዣዎቹን እንደ ማንሻ ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይጠመዝዛቸዋል፣ የታችኛው ክንፍም አብሮ ይጠመዘዛል። ግራው የደረሰበት ነገር ቀኙን አልነካውም ብሎ ማሰብ ይከብደኛል። ከግራው መያዣ ወደ ቀኙ መያዣ የሚሻገር ማያያዣ ብረት ከሌለው፣ በዚሁ አጋጣሚ ቱቦላሬ ይግጠሙለት።

መልስ፦ ባለ ትልቁ ተሳቢ

የአሮጌ በያጅ መልስ የኋላውን ጉዳት በሚገባ ገልጾታል፤ እኔ ስለ በሩ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ይኸው በር እኔንም አታልሎኛል። የፊቱ ክፍል ከሻንሲው ወጣ ብሎ እንደ በረንዳ የተንጠለጠለ ነው። ተሳቢው በእግሮቹ ሲቆም ይህ ክፍል ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ከመኪናው ጋር ሲያያዝ ደግሞ ኪንግ ፒኑ ወደ ላይ ይገፋዋል። ትንሽ እንቅስቃሴ በማንኛውም ተሳቢ ላይ አለ። በር እስከማያዘጋና ግድግዳ እስኪያብጥ ከደረሰ ግን፣ የላይኛውን ፍሬም ከታችኛው ጋር የሚያገናኙት ቋሚ ብረቶች ወይም ግድግዳውን ከፍሬሙ ጋር የያዙት ብሎኖች ለቀዋል ማለት ነው።

ቀላል ፈተና አለ። የስልክ ካሜራ ባበጠው ጥግ ፊት ለፊት ሳይነቃነቅ ያስቀምጡና፣ በመጋጠሚያው ላይ በእርሳስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፤ ግማሹ በፊቱ ክፍል፣ ግማሹ በዋናው ግድግዳ ላይ ይሁን። ከዚያ ተሳቢውን ከመኪናው ጋር አያይዘው የፊት እግሮቹን ቀስ በቀስ እያነሡ ክብደቱን ለኪንግ ፒኑ ያስረክቡ። ተሳቢው ስለማይጎተት የኋላው ስንጥቅ ይህን አይከለክልም ብዬ አስባለሁ፤ በያጁ ቢያርመኝ ደስ ይለኛል። ሁለቱ የመስመሩ ግማሾች አንድ ላይ ከተንቀሳቀሱ ሁሉም ነገር እንደ አንድ አካል እየሠራ ነው። ከተለያዩ ግን ግድግዳውና ፍሬሙ ተላቀዋል።

በእኔ ተሳቢ ላይ መስመሩ የእርሳሱን ውፍረት ሦስት እጥፍ ያህል ተለያየ። ከፊቱ ክፍል ሥር ያለውን መሸፈኛ ስናወርድ፣ ከቋሚዎቹ በአንዱ ላይ ያለው ብየዳ ላዩን ሲያዩት ያማረ ነበር፤ በመዶሻ ጫፍ መታ ሲደረግ ግን እንደ ቅርፊት ተላቆ በእጄ ላይ ወደቀ። ሥሩ ያለው ብረት ከፋብሪካ እንደወጣ የሚያብረቀርቅ ነበር፤ ብየዳው አንድም ቀን ብረቱን ይዞት አያውቅም። ግድግዳውን የያዙት ብሎኖችም ከአንገታቸው ተቆርጠው ራሳቸው ብቻ ቀርቶ ነበር። ጥገናው ቋሚዎቹን እንደገና መበየድ፣ በየማዕዘኑ ሦስት ማዕዘን ማጠንከሪያ መጨመርና ግድግዳውን በወፍራም ብሎኖች መልሶ ማሰር ሆነ፤ አምስት ሳምንት ፈጅቷል፣ አብዛኛው ጊዜ የሄደው ግን የመኝታ ክፍሉን ቁም ሣጥንና ወለል በመፍታትና በመግጠም ነው።

እስከዚያው ድረስ ያንን ጥግ በሲሊኮን አይድፈኑት። እኔ ደፍኜው ነበር። ሲሊኮኑ ውኃ እንዳይገባ ሳይሆን፣ የገባው እንዳይወጣ ነው ያደረገው፤ ግድግዳውን ስንከፍት ኮምፔንሳቶው በጣት የሚፈረፈር ሆኖ ነበር።

ደግሞም ኪንግ ፒኑ ላይ ወደ ኳስ ማያያዣ የሚቀይር ረጅም ማራዘሚያ ገጥመው ከሆነ ይንገሩን። መኪናው ሲጎትትና ሲያቆም የሚመጣው አግድም ኃይል ከፒን ቦክሱ (ኪንግ ፒኑን ከተሳቢው ጋር ከሚይዘው የብረት ሳጥን) ራቅ ብሎ ወደ ታች በወረደ ቁጥር የመጠምዘዝ አቅሙ ይጨምራል፤ 500 ኪሎ ግራም የሚገፋ ኃይል 45 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢያርፍ 225 ኪሎ ግራም ሜትር ተጨማሪ ጉልበት ፒን ቦክሱን ይዞ ይወዘውዘዋል፤ ይህም ፍሬኑ በተነካ ቁጥር ነው።

መልስ፦ ወረቀት ወዳድ

ስለ ብረት አላውቅም፤ ስለ ወረቀቱ ግን አንድ ምክር አለኝ። መሞረጃው ስንጥቁን ከመንካቱ በፊት ፎቶ አንሡ፤ አንዱ ከሩቅ ቦታውን የሚያሳይ፣ አንዱ ከቅርብ ማስመሪያ አጠገቡ ተደርጎ። ኢንሹራንስ ወይም ዋስትና ካላችሁ፣ ገምጋሚያቸው አይቶ ሳይመዘግብ የተፈለፈለ ስንጥቅ እንዳልነበረ ይቆጠራል። የኢንሹራንስ ውሎች ብዙውን ጊዜ ድንገተኛ አደጋን ይሸፍናሉ፣ በጊዜ ብዛት የመጣ ድካምን ግን አይሸፍኑም፤ ስለዚህ ባለሙያው በሪፖርቱ ላይ ምክንያቱን ሲጽፍ ያየውን ብቻ እንዲጽፍና በግምት «አርጅቷል» የሚል ቃል እንዳይጥል ይጠይቁት። ሻንሲውን የሚሠራው ፋብሪካ ቤቱን ከሚገጥመው ብዙ ጊዜ የተለየ ስለሆነ፣ አንዱ ወደ ሌላው ሊመራችሁ ይችላል፤ ለሁለቱም በአንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ቃል፣ በጽሑፍ አመልክቱ።

መልስ፦ ብዙ የተጓዘ

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሁላችሁም ሰውየውን ወደ ትልቅ ወጪ እየገፋችሁት ነው። ፊቱም ኋላውም የተጎዳ ተሳቢ አብቅቶለታል። ላዩን አሳምሮ ሸጦ በሌላ መተካት ይሻለዋል።

መልስ፦ አሮጌ በያጅ

ሽያጩን ስንጥቁን በግልጽ ተናግሮ ከሆነ አልቃወምም። «ላዩን አሳምሮ» የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ከዚያ ተሳቢ ኋላ የሚነዳው ሰው የማን ቤተሰብ እንደሆነ አናውቅም። አብቅቶለታል ለማለትም ገና ነው። ሻንሲው በርዝመቱ ተጠምዝዞ ወይም ዝገት ብረቱን እስከ መብሳት ካሳሳው እኔም ተዉት እላለሁ፤ የሁለት ቦታ ስንጥቅ ግን ብቻውን የሞት ፍርድ አይደለም። ልዩነቱን የሚያሳየው ልኬት ነው። የካሜራውን ፈተና በተመለከተ፣ ኋላው በድጋፍ ላይ ካረፈና ማንም ከሥር ከሌለ ምንም አይልም።

ጠያቂው ይህን ቢለኩልን፦ ከኪንግ ፒኑ መሐል ቱምቢ አውርደው ወለሉ ላይ ነጥብ ያድርጉ፤ ከፊተኛው አክሰል ሁለት ጫፎችም እንዲሁ። ከዚያ ከፊቱ ነጥብ እስከ ግራው፣ ከፊቱ ነጥብ እስከ ቀኙ በሜትር ይለኩ። ሁለቱ ርቀቶች በ3 ሚሊ ሜትር ውስጥ እኩል ሊሆኑ ይገባል። የኋለኛውንም አክሰል እንዲሁ ይለኩት። ክብደቱንም በሚዛን ያስመዘኑበት ወረቀት ካለ ይጻፉልን።

ጥያቄ፦ አዲስ ተጓዥ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የተባለውን አድርጌ ተመልሻለሁ። ማራዘሚያ የለኝም፤ ኪንግ ፒኑ እንደተሠራ ነው። ፊተኛው አክሰል በ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይለያያል፤ በኋለኛው ግን የግራው ርቀት ከቀኙ 11 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የግራው የኋላ ጎማ የውስጥ ጠርዙ ከሌሎቹ ይልቅ ተበልቷል፤ እስከ ዛሬ የንፋስ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። በቀዩ ቀለም የግራው ስንጥቅ ስምንት ሴንቲ ሜትር ተኩል ሆነ፤ በቀኙ ደግሞ በዓይን ፈጽሞ የማይታይ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀይ መስመር ከብየዳው ጠርዝ ብቅ አለ። የእርሳሱ መስመር በግራው ጥግ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ተለያየ፣ በቀኙ አልተንቀሳቀሰም።

ክብደቱን ባለፈው ጉዞ መነሻ ላይ አስመዝኜው ነበር፣ ወረቀቱን ግን ልብ ብዬ አላየሁትም። ጠቅላላ 6,240 ኪሎ ግራም፣ ከዚህ ውስጥ በኪንግ ፒኑ ላይ ያረፈው 1,380 ነው። በተሳቢው ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ክብደት 6,000 ነው። ያን ጊዜ 230 ሊትር የሚይዘው የውኃ ታንክ ሙሉ ነበር፤ ታንኩ የሚገኘው ከአክሰሎቹ በስተኋላ ነው።

መልስ፦ አሮጌ በያጅ

አሁን ነገሩ ፊት ለፊት ታየ። በኪንግ ፒኑ ላይ ያረፈው ክብደት ከጠቅላላው 22 በመቶ ነው፤ ከ15 እስከ 25 በመቶ በሚባለው መሐል ስለሆነ ሚዛኑ አልተዛባም። ችግሩ ድምሩ ነው፤ 240 ኪሎ ግራም ከልክ በላይ ጭነው ሲጓዙ ነበር፣ ከዚህ ውስጥ 230ው ውኃ ነው። ከአክሰሎቹ ኋላ ያለ ታንክ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ የሻንሲውን ጅራት ወደ ታች ይጎትታል፤ ጅራቱ በሚታጠፍበት ቦታ ደግሞ የኋለኛው ባሌስትራ መያዣ ብየዳ አለ። ከእንግዲህ ታንኩን ለመንገድ የሚበቃ ጥቂት ውኃ ብቻ ይዘው ይሂዱና ሲደርሱ ይሙሉት።

የ11 ሚሊ ሜትሩ ልዩነት የግራው መያዣ ከነክንፉ ወደ ኋላ ማዘንበሉን ይነግረናል፤ ጎማውም የተበላው ለዚሁ ነው። ስለዚህ በያጁ ስንጥቁን ከመሙላቱ በፊት መያዣውን ወደ ቦታው መመለስ አለበት። የተዛባን ነገር እንደተዛባ መበየድ ስሕተቱን ማጽናት ነው። መያዣው በድጋፍ ተይዞ የቱምቢው ልክ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲመጣ ብቻ ብየዳው ይጀመር፣ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ብረት ስለሚሰበስብ ከዚያ በኋላ እንደገና ይለካ። የቀኙም ሁለት ሴንቲ ሜትር በተመሳሳይ መንገድ ይሠራ፤ አሁን ትንሽ ስለሆነ ዕድለኛ ነዎት።

ስለ ፊቱ፣ ባለ ትልቁ ተሳቢ የጻፈውን ይከተሉ። ለግምት ያህል፣ ከኪንግ ፒኑ እስከ ቋሚዎቹ 2.4 ሜትር ቢሆን፣ 1,380 በ2.4 ሲባዛ ከ3,300 ኪሎ ግራም ሜትር በላይ ይሆናል፤ የፊቱ ክፍል የራሱ ክብደት ከዚህ ጥቂት ይቀንሳል፣ ጉድጓድ ላይ ሲወድቅ ደግሞ ብዙ ይጨምራል። ያን ሁሉ የሚሸከሙት የግራና የቀኝ ቋሚዎች ናቸው። የግራው ብቻ ስለተንቀሳቀሰ፣ የቀኙ የሁለቱን ሸክም ብቻውን ይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ቢጸናም ተከፍቶ በመዶሻ ይፈተሽ። እዚያ በግድግዳው ውስጥ ፎምና ኮምፔንሳቶ ከብየዳው በጣት ርቀት ላይ ስላሉ፣ ግድግዳው ሳይገለጥ ልበይድ የሚል ሰው ከመጣ ማሽኑን ሳያወርድ ይመልሱት።

ሲጨርሱ የሆድ መሸፈኛውን ፕላስቲክ በዚያ ቦታ ላይ በምስማር አይዝጉት፤ በብሎን የሚከፈት መስኮት ይተዉለት። ብየዳዎቹን ወፍራም ጥቁር ሳይሆን ቀጭን ነጭ ቀለም ይቀቧቸው፤ ስንጥቅ ቢመለስ ዝገቱ በነጭ ላይ ቶሎ ይታያል። ከመጀመሪያው አጭር ጉዞ በኋላ በእጅ ባትሪ ይዩት፣ ከዚያ በየወቅቱ መጀመሪያ። ለመበየድ የመጣው ሰው ጫፎቹ የጠበቡ ላሜራ ሲባል ካልገባው፣ በካርቶን ቆርጠው ያሳዩት።